ለማን እንጸልይ? የግቢ ኅብረቶች የምልጃ ሰዓት

በየዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ተማሪዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው ስለ ሌሎች ሰዎች ይጸልያሉ። ድምፁን ከመንገድ ያልሰማ ጥቂት ነው። ውስጥ የሚሆነውን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በግማሽ ነው።

ሊመሽ ሲል

ከግቢው አጥር ወጣ ብሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹና የተማሪ ምግብ ቤቶቹ ካለቁበት፣ የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አለ፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሊመሽ ሲል ተማሪዎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይገባሉ። አንዳንዱ ላብራቶሪ ውሎ ጋዎኑን ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል፤ አንዳንዷ የካፌ እራት እንዳያመልጣት ሰዓቷን ታያለች። የላስቲክ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አንድ ኮርድ ይዞ ሲያቆይ አምልኮ መሪዋ ዓይኗን ጨፍና ትጀምራለች፤ አዳራሹ ይቀበላታል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ከተዘመረ በኋላ የጸሎት ክፍል ተጠሪው ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ማይክሮፎኑን ይረከባል። «የመጀመሪያው የጸሎት ርእሳችን» ብሎ ያነባል። ቃሉን ሳይጨርስ መቶ የሚሆን ሰው በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ አንደበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጸለይ ይጀምራል፤ ገሚሱ ቆሞ፣ ገሚሱ ተንበርክኮ፣ ሌላው ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ። ከደቂቃዎች በኋላ መሪው የተበተነውን ድምፅ በአንድ አጭር ጸሎት ይሰበስበዋል። «አሜን» ይባላል፤ ሁለተኛው ርእስ ይነበባል።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ተራ ነገር ነው። የአንድ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ አባት ሆስፒታል ገብተዋል። ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ደርሶባቸዋል። ዘንድሮ የገቡት ገና ዶርም አልለመዱም። ክረምት ላይ ወደ ገጠር የሚወጣው የወንጌል ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ አጥሮታል። መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜም በአንድ መስመር፣ «ስለ አገራችን ሰላም» ይላል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ጆሮ የሚደርሰው ጩኸቱ ብቻ በመሆኑ ስለ እነዚህ ስብስቦች የሚነገረው ሁሉ፣ ሙገሳውም ወቀሳውም፣ የሚያርፈው ድምፁ ላይ ነው። አድናቂው «እሳት አለ» ይላል፤ ነቃፊው «ስሜት ነው» ይላል። ሁለቱም ወረቀቱን አላዩትም። የምልጃ ጸሎት ተማሪውን የሚቀርጸው ግን በዚያች ወረቀት ነው፦ ማን ሰፈረባት፣ ማን ተዘለለ፣ የሰፈረውስ ሰው ምን ያህል ይታወቃል? ኅብረት የሚመዘነውም በዚህ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ከአጥሩ ውጭ

አዳራሹ ከግቢ ውጭ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በቅጥራቸው ውስጥ የጋራ አምልኮ እንዲካሄድ አይፈቅዱም። ስለዚህ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረቶች በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ይጠለላሉ። አብዛኞቹን የሚያስተባብረው በተለምዶ ኢቫሱ የሚባለው የተማሪዎችና የምሩቃን ኅብረት ሲሆን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተ የዓለም አቀፍ ማኅበር አባል ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተማሪዎችም በበኩላቸው ግቢ ጉባኤ አሏቸው። ግቢ ጉባኤያትን የሚያደራጀው ማኅበረ ቅዱሳን ራሱ ሥሩ የተማሪ ጸሎት ነው፤ በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የከተቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በካምፑ ተሰባስበው መጸለያቸው ለማኅበሩ መወለድ አንዱ መነሻ ሆኗል። ሁለቱ ወገኖች ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ያላቸው ልዩነት የታወቀ ነው። በሕይወት ያለ ክርስቲያን ስለ ወንድሙ፣ ስለ ገዢዎቹና ስለ ጠላቱ ጭምር መጸለይ እንዳለበት ግን ሁለቱም ያስተምራሉ። አብርሃም ስለ ሰዶም ከአምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር እየወረደ መለመኑን የሚያነቡት ከአንድ መጽሐፍ ነው።

ጩኸት እንደ መሸሸጊያ

ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ የሚጸልይበት ልማድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በተለይ ኮሪያውያን ፕሮቴስታንቶች እ.ኤ.አ. በ1907 በፒዮንግያንግ ከታየው መነቃቃት ወዲህ ይታወቁበታል። ከውጭ ለሚሰማው ሁከት ይመስላል። ውስጡ የገባ ግን ተቃራኒውን ያገኛል፤ ጩኸቱ ዓይን አፋሩን ይሸሽገዋል። አንድ ሰው ብቻ ሲጸልይ ሌላው አድማጭ ነው፤ አድማጭ ደግሞ አማርኛውንም፣ የአነጋገር ለዛውንም ይመዝናል። መቶ ሰው አብሮ ሲጸልይ ግን ማንም ማንንም አይሰማም። ከገጠር የመጣ አንደኛ ዓመት ተማሪ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ወይም በኦሮምኛ የልቡን ይናገራል፤ መዝሙሩ በአማርኛ የተዘመረ ቢሆንም ልመናው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው። የኅብረት መሪ የነበሩ ምሩቃን ሲጠየቁ ደጋግመው የሚያነሱት ይህንኑ ነው፦ ስብሰባ ላይ ቃል የማይተነፍስ ልጅ በምልጃ ሰዓት አፉ ይፈታል።

መዝሙሩም የራሱ ሥራ አለው። ተማሪው ከክፍልና ከዶርም ጣጣው ሳይላቀቅ ነው አዳራሽ የሚገባው፤ ቀድሞ ባይዘመር ኖሮ ምልጃው ስለ ራሱ ፈተና ብቻ ይሆን ነበር። ልምድ ያላቸው አምልኮ መሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ስለ እግዚአብሔር ማንነት ከሚናገሩ መዝሙሮች ጀምረው «እኔ» የሚበዛባቸውን ያዘገያሉ። ሆኖም መዝሙርም ጩኸትም የሚያደርጉት መንገድ መጥረግ ብቻ ነው። በተጠረገው መንገድ ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው ወረቀቱ ነው።

> መቶ ሰው አብሮ ሲጸልይ ማንም ማንንም አይሰማም፤ አፋር ልጅ ነፃነት የሚያገኘው እዚያ ነው።

ወረቀቱን የሚጽፈው ማን ነው?

በቅዳሴና በኪዳን ሥርዓት ውስጥ ይህ ጥያቄ አይነሳም። ሊጦንና መስተብቍዕ የሚባሉት የልመና ጸሎቶች አባቶች የደነገጉት ዝርዝር አላቸው፦ ለሕሙማን፣ ለመንገደኞች፣ ለዝናም፣ ለምድር ፍሬ፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ላንቀላፉት። በዚያ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስለ መንገደኛ የሚጨነቅ አንድ ሰው ባይኖር እንኳ መንገደኛው አይረሳም፤ መጽሐፉ ያስታውሰዋል። የነፃ ጸሎት ልማድ ባለበት አዳራሽ ግን የሚያስታውስ መጽሐፍ የለም። ያለው አንድ የሃያ ዓመት ልጅና እስክሪብቶው ነው። ነፃነቱ ትልቅ በረከት አለው፤ ትናንት ማታ የታመመችው ልጅ ዛሬ ማምሻውን ስሟ ይነሳል። ዕዳም አለበት፤ ተጠሪው ያላሰበውን አዳራሹም አያስበውም። ሳምንት በሳምንት «ስለ ኅብረታችን፣ ስለ አገልግሎታችን፣ ስለ ኮንፈረንሳችን» እየተባለ ሲጸለይ የኖረ ተማሪ፣ ማንም ሳይነግረው፣ እግዚአብሔር ጉዳዩ ከእሱ ስብስብ ጋር ብቻ እንደሆነ ተምሮ ይወጣል።

የርእሱ ክብደት በዓለም የተማሪዎች ታሪክም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1806 ክረምት በማሳቹሴትስ የዊልያምስ ኮሌጅ ተማሪዎች የሆኑ አምስት ወጣቶች ሜዳ ላይ ሊጸልዩ ወጥተው ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣባቸው ከድርቆሽ ክምር ሥር ተጠለሉ። በዚያን ጊዜ አእምሯቸውን የያዘው የእስያ ጂኦግራፊ ነበርና ልመናቸውም ወደዚያው ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የአሜሪካ የውጭ ሚስዮን ቦርድ ተመሠረተ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም መነሻውን ከዚያ ድርቆሽ ያያይዙታል። ካርታ ያየ ተማሪ ካርታ የሚያህል ጸሎት ጸለየ ማለት ነው። ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው። ወጣቶቹ ስለ እስያ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነበር፤ ከዚያ የተነሳው እንቅስቃሴም ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ይዞ እንደሄደ ሁሉ የሚጸልይለትን ሕዝብ ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ አብሮት ተጉዟል። የማያውቁትን ሰው በጸሎት ርእስ ላይ ማስፈር ቅን ነው፤ ሰውየውን ለማወቅ ካልተነሱ ግን ርእስ ሆኖ ይቀራል፣ ወንድም አይሆንም።

ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የዓለም ክርስቲያን ተማሪዎች ፌዴሬሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በስዊድን ቫድስቴና የተመሠረተው ይህ ማኅበር አባሎቹ በየአገሩ እርስ በርስ እንዲጸልዩ የተወሰነ ቀን ነበረው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እነዚያው አባሎች በተፋላሚ አገሮች ተለያይተው ተገኙ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920 ፌዴሬሽኑ በአውሮፓ ለተራቡና ለተሰደዱ ተማሪዎች እርዳታ አደራጀ፤ ትናንት ጠላት የተባለው አገር ተማሪም ከተረጂዎቹ መካከል ነበረበት። ጸሎቱ ብቻውን ይህን አመጣ ለማለት አይቻልም። ለዓመታት ስሙ በጸሎት ሲነሳ የኖረን አገር ተማሪ ግን በአንድ ቀን ባዕድ ማድረግ እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ስም ማንሳት አደጋ በነበረበት ዘመን

የአገራችን ታሪክም የሚያስተምረው አለ። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ከተማሪዎች የጸሎት ስብስብ የበቀለች ናት፤ በ1959 ዓ.ም. ለሕጋዊ ምዝገባ አመልክታ ተከለከለች። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሁለት መቶ አምሳ ያህል ምእመናን፣ ብዙዎቹ ወጣቶች፣ በአንድ ጉባኤ ላይ እንዳሉ ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ አዳራሾች ተወረሱ፣ መሪዎች ታሰሩ፤ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፈሉ። በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ጀበናው ሰው ከመጣ ምክንያት እንዲሆን ተጥዶ ይጸለይ ነበር። ኪቦርድም ማይክሮፎንም አልነበረም፤ የቀረው ዝርዝሩ ብቻ ነው፦ ማን ታሰረ፣ ስንቅ ማን ያቀብለዋል፣ ቤተሰቡ ምን ይበላል። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30,000 በልጠው ተገኙ። ለዕድገቱ ብዙ ምክንያት ይቀርብ ይሆናል፤ ጩኸት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን አይችልም። የዛሬ ኅብረት መሪዎች የዚያን ዘመን ሰዎች ሲጋብዙ ብዙ ጊዜ የሚጠይቋቸው ስለ ኃይሉና ስለ ተአምራቱ ነው። ስም በስም ይጸለይለት ስለ ነበረው እስረኛና ወደ ወህኒ ስለሚላከው አገልግል ቢጠይቁ ይበልጥ ይማሩ ነበር።

> የደርግ ዘመን ስብስቦች ኪቦርድም ማይክሮፎንም አልነበራቸውም፤ የቀረላቸው ዝርዝሩ ነበር።

ሦስት ወቀሳዎች

የመጀመሪያው ወቀሳ ከሥነ ልቦና በኩል ይመጣል። ተማሪው ጾሟል፤ አዳር ጸሎት ከሆነ እንቅልፍም አጥቷል። መብራቱ ደብዝዟል፣ የኪቦርዱ ድምፅ አይቋረጥም፣ ዙሪያው ያለው ሁሉ ያለቅሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ማን አያለቅስም? ወቀሳው እውነት አለው፤ ስብስብ ስሜትን እንደሚያግል የስታዲየም ደጋፊም ያውቀዋል። ነገር ግን ዕንባ በሁኔታ መጣ ማለት የተለቀሰለት ነገር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው ሲያለቅስ አይቶ ያለቀሰ ጎረቤት ሐዘኑ ውሸት ነው አይባልም፤ የሚለየው በማግስቱ ንፍሮ ይዞ ሲመጣ ወይም ሲቀር ነው። ብልህ የሆኑ የጸሎት መሪዎች በየርእሱ መካከል ኪቦርዱን አስቁመው ጥሞና ያስይዛሉ። ሙቀቱ ሲወርድ ርእሱ ካልቆመ፣ መጀመሪያም የቆመው በሙቀቱ ነበር።

ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ የሚያነሱት መምህራንና ወላጆች ናቸው፦ ጸሎት የሥራ ማምለጫ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማንበብ በነበረበት ሰዓት አዳራሽ የሚያመሽ ልጅ መኖሩን ማንም አይክድም። መልሱ ያለው በልመናው ዓይነት ላይ ነው። «ጌታ ሆይ፣ አሳልፈን» የሚለው ጸሎት ማንንም ወደ ሥራ አይልክም። «ሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ካልኩለስ የከበዳቸው አምስት ልጆች አሉ» ተብሎ ከተጸለየ ግን አዳራሹ ውስጥ ካልኩለስ የሚችል አራተኛ ዓመት ተማሪ አለ፤ አሜን ብሎ ዝም ብሎ መውጣት ያሳፍረዋል። «ለታመሙት ሁሉ» ሲባል ኪሱን የሚዳብስ የለም፤ የተኙበት ክፍልና የጎደለው የመድኃኒት ገንዘብ ሲነገር ግን ከበሩ አጠገብ ካርቶን ይቀመጣል። ርእሱ በጠራ ቁጥር ጸሎት ከሥራ ማምለጫነት ወደ ሥራ መላኪያነት ይለወጣል።

ሦስተኛው ወቀሳ ከሁሉ ይከብዳል፦ ለመሆኑ ምልጃ ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በስድስት ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ 1,802 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ታተመ። በተጸለየላቸውና ባልተጸለየላቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ደግሞ በመጠኑ የባሰ ችግር ገጥሟቸዋል። አማኝ ይህን ሰምቶ መቆጣት የለበትም፤ እግዚአብሔር በሙከራ ቤት አይለካም ብሎ ማለፍም ቀላሉ መንገድ ነው። ይልቅ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ልብ ይሏል፦ ለሚጸልዩት ሰዎች የተሰጣቸው የታማሚው የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስሙ መነሻ ፊደል ብቻ ነበር። ሆስፒታል አልሄዱም፣ አልጠየቁትም፣ ቢሞትም አያለቅሱለትም። ጥናቱ ከዝምድና የተላቀቀ ጸሎት በሰንጠረዥ የሚታይ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። በዝምድና ውስጥ ያለ ጸሎት ያመጣል የሚል ማስረጃም ግን አይሆነንም፤ እንዲህ ብሎ መከራከር አጉል ብልጠት ነው። ኅብረቶች ከዚህ መማር ያለባቸው ምልጃን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ማስተዋወቅ ማቆም ነው። የአብርሃም ታሪክ የሚያስተምረን ጸላዩ የተለመነለትን ሰው ዕጣ እንደ ራሱ ዕጣ መቁጠሩን ነው፤ ሰዶም ግን አልተረፈችም።

ርእስ ሲበላሽ

ጥሩ ዝርዝር ትልቅ ነገር ከሆነ፣ መጥፎ ዝርዝር የሚያደርሰውም ጉዳት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ሐሜት ነው። «ለአንዲት እኅታችን እንጸልይ፣ ከማን ጋር እንደሆነች ጌታ ያውቃል» ተብሎ ሲጀመር የልጅቱ ስም ባይጠራም ዶርሙ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። በመንፈሳዊ ድምፅ የተነገረ ወሬ መልስ የማይሰጥበት ወሬ ነው፤ ተከሳሿ ተነስታ «አይደለም» ማለት አትችልም፣ ጸሎት ነዋ። ብዙ ልጆች ከኅብረት የሚርቁት በትምህርቱ ተሰናክለው ሳይሆን ጓዳቸው ማይክሮፎን ላይ ስለወጣ ነው ሲሉ የቀድሞ አባላት ያማርራሉ።

ሁለተኛው ጉዳት «ስለ አገራችን ሰላም» በምትለው አንድ መስመር ውስጥ ይደበቃል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔር ለይቶ በተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ግቢ ጥለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የጸሎት አዳራሾቹ በእነዚያ ሳምንታት ከየብሔሩ የመጡ ልጆች ጎን ለጎን ከሚቆሙባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል ነበሩ። ታዲያ «ሰላም ስጠን» የሚለው ልመና ማንንም አያስቀይምም፤ ግን ሁሉም በልቡ የገዛ ወገኑን ሰላም እየለመነበት ሊያልፍ ይችላል። በጦርነት ጊዜ ለዘመተ ልጅ የሚጸልይ ጉባኤ በሌላው ግንባር ልጇ ለሞተባት እናት ይጸልያል ወይ? ወንጌል ለጠላት መጸለይን ያዘዘው ለዚህ ነው፤ ትእዛዙ የሚፈተነውም ስም ሲጠራ ነው። የአንድን ክልል ተፈናቃዮች ጠቅሶ የሌላውን የሚዘል ዝርዝር፣ የቱንም ያህል በዕንባ ቢጸለይበት፣ ፖለቲካ ነው።

> የአንዱን ክልል ተፈናቃይ ጠቅሶ የሌላውን የሚዘል ዝርዝር፣ በዕንባ ቢጸለይበትም ፖለቲካ ነው።

ለጸሎት ክፍሎች

ከዚህ ሁሉ ለመሪዎች የሚከተለው ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው። ወረቀቱን አንድ ሰው ብቻውን፣ አዳራሽ ሊገባ ሲል በችኮላ አይጻፈው፤ ከተለያየ የትምህርት ክፍልና ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ተመካክረው ያዘጋጁት። የሰው ጉዳይ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ አይነበብ። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ርእስ ኅብረቱን ጨርሶ የማይመለከት ይሁን፦ የግቢው ጥበቃዎች፣ የካፌ ሠራተኞቹ፣ በሃይማኖት የማይመስሏቸው የዶርም ጓደኞች። ለአገር ሲጸለይ ቦታና ሕዝብ ይጠራ፤ ከተጠራም በኋላ በቦታው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ቀድሞ ይናገር።

መዝገብም ያስፈልጋል። ብዙ ኅብረቶች ምስክርነት የሚያሰሙት መልስ ያገኘውን ብቻ ነው፤ ያላገኘው ጸጥ ብሎ ከወረቀቱ ይወርዳል። የሞቱት አባት ስም ካለፈው ሳምንት ዝርዝር ጠፍቶ በምትኩ ሌላ ርእስ ሲነበብ፣ ልጃቸው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ይሰማል። መልስ ያልመጣለትን ርእስ ሳያፍሩ ማቆየት፣ የሞተውን ሞተ ብሎ ስለ ቤተሰቡ መጸለይ፣ ከማንኛውም ስብከት በላይ ስለ እምነት ያስተምራል። የማይመች ነው፤ ግን ሐቀኛ ነው።

ተማሪ ግቢ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ነርስ ሆኖ፣ መምህር ሆኖ፣ የወረዳ ባለሙያ ሆኖ ይበተናል፤ ኪቦርዱም አዳራሹም አይከተሉትም። የሚከተለው የማንን ጉዳይ እንደ ራሱ ጉዳይ መቁጠር እንደለመደ ነው። ወረፋ የቆመውን ታካሚ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ተማሪ፣ ከሌላ ወገን የመጣውን ባለጉዳይ በስሙ ማሰብን በእነዚያ ዓመታት ካልተለማመደ፣ የሥራ መታወቂያ ደረቱ ላይ ካንጠለጠለ በኋላ ለመጀመር ይዘገያል። የጸሎት ክፍል ተጠሪው ይህን አውቆ እስክሪብቶ ቢያነሳ፣ በአገሪቱ ካሉት ከባድ ኃላፊነቶች አንዱን እንደያዘ ይገባዋል።